የሻምበል አሮጌ ሳህን

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ ያ የሚቆረጥምዎት ጉልበት እንደምን ከርመዋል? እኔ ከብርዱና ከሥራው ጋር እየታገልኩ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ስልክ ደውዬ ነበር። ገና «ሻምበል እንዴት ነው?» ከማለቴ ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ እንግዲህ ጻፍኩ።

የላኩልኝ ፎቶ ደርሶኛል። የልብስ ስፌት ቤቱ አዲስ ታፔላ አምሮበታል። እርስዎም ከስፌት መኪናዎ ኋላ ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው እግርዎ ሥር ነው። ውሻችን ሻምበል ደጃፉ ላይ ተጋድሞ፣ ዙሪያውን የሲጋራ ቁራጭ ተበትኗል። ማጉያ መነጽር ተውሼ ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ ነው። አንዱማ በመዳፉና በአፉ መካከል ነው ያለው።

ሻምበልን እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችው ዕለት ትዝ ይልዎታል። እሷ ከሞተች ወዲህ በእጇ ካሳደገችው ሁሉ የቀረኝ እሱ ነው። ግንቦት ለዕረፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆሞ እንዲቀበለኝ እፈልጋለሁ። ሌላ የምለምንዎት ነገር የለም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ማጨሱን ይተዉ። ጭሱ ጸጉሩ ላይ ያርፋል፤ እሱ ደግሞ ራሱን ሲልስ ነው የሚውለው። እርስዎ ያጨሱትን እሱ ይበላዋል ማለት ነው። ማጨሱን መተው ካቃተዎት ቁራጩን መሬት አይጣሉ፣ ወደ ቦዩም አይወርውሩ። ቦዩ የሚሄደው ወንዝ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ዓሣ አለ። ደረቅ ቁራጭ ነፋስ ያንከባልለዋል፣ ውሻ ያኝከዋል። ውሃ ያለበት ዕቃ አጠገብዎ ያኑሩና እዚያ ውስጥ ይክተቱት። ይቺ ከባድ ነገር አይደለችም።

ለሻምበል በመንገደኛ እጅ አዲስ ሳህን ልኬያለሁ፤ የማይዝግ ብረት ነው። ያ የቆርቆሮ ሳህኑ ጠርዙ ተበልቷል፤ ይጣልልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለውሻው ጠበቃ፤

እንደምን አለሽ? እኔ በተከሳሽነት ደህና ነኝ። ሰላምታሽ ሦስት መስመር፣ ክስሽ አንድ ገጽ ሙሉ። ጉልበቴን ጠይቀሽ ሳትጨርሺ ወደ ውሻው ጉልበት ሄድሽ።

ሰው ፎቶ ሲላክለት ፊት ያያል። ለዚያ ፎቶ ጢሜን ተላጭቼ፣ ባለቤቱ ገና ያልወሰደውን የደንበኛ ኮት ለብሼ ነው የተነሣሁት። ፎቶ አንሺው «ፈገግ ይበሉ» ሲለኝ ስንት ዓመቴ ነው ፈገግ ካልኩ! አንቺን አስቤ ፈገግ አልኩ። አንቺ ማጉያ መነጽር ተውሰሽ መሬት ቆጠርሽ። እሰየው ነው፤ ዓይንሽ ይባረክ።

አጎትሽ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያጨሳል። በአንድ እጄ አንቺን፣ በሌላው ሲጋራዬን ይዤ ነው ያሳደግኩሽ። ይኸው አልሞትሽም፤ ምላስሽም አልሰነፈም። ሻምበል አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በውሻ ዕድሜ ከተቆጠረ ከእኔ ይበልጣል፤ «አንቱ» ልለው ምንም አልቀረኝ። አሁን አሁን ያስላል፤ የሚያስለው ግን እርጅናው ነው። ዓይኑንም ሞራ ጋርዶታል፤ በይ እንግዲህ እሱንም የአጎቴ ጭስ ነው በይ!

ደግሞ ዓሣ! ቢሮ ተቀምጠሽ ማኅተም የምትመቺ ሰው፣ አንቺ ስለ ዓሣ ምን አገባሽ? ስንት ዓመት ወደዚያ ቦይ ስወረውር አንድም ዓሣ መጥቶ አልከሰሰኝም። የከሰሰኝ የገዛ እህቴ ልጅ ነው። ላም እሳት ወለደች ይባላል፤ ልትልሰው ፈጃት፣ ልትተወው ልጅ ሆነባት። እኔም እንዲያ ሆኛለሁ።

ሳህኑ ደርሷል። ፊት ያሳያል፤ ጢሜን ልላጭበት ከጅሎኝ ነበር። ለእኔ የመጣ ነገር ቢኖር ብዬ ካርቶኑን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ወረቀት ብቻ ወረደ። እስቲ አንቺ የውሾች እናት፣ ቁጥር አሥራ ስድስት የመኪና መርፌ ላኪልኝ፤ ይህ የጂንስ ሱሪ ያለኝን ሁሉ ሰበረው። ከተገኘም የዚያን አገር ሲጋራ ሁለት ፓኮ።

ውሃ ውስጥ ክተት ላልሽው እሺ፤ ከአንቺ ጋር ከምነታረክ እከታለሁ። ዕድሜ ልኬን አልሰማ እንዳልኩሽ አትበዪ።

ልብስ ሰፊው አጎትሽ

ኅዳር 17

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም።

«ስለ ዓሣ ምን አገባሽ?» ብለዋል። እንግዲያው ልንገርዎት። ቢሮ አልተቀመጥኩም፤ ተቀምጬም አላውቅም። እኔ መንገድ ጠራጊ ነኝ። ለእናቴ «የጽዳት ቢሮ ነው የምሠራው» ያልኳት እንዳታዝንብኝ ነው። እርስዎ ደግሞ ጽዳቷን ጥለው ቢሮዋን ይዘው ለደንበኛው ሁሉ አወሩልኝ። ማኅተሙን ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ከባቡር ጣቢያው እስከ ወንዙ ድልድይ ያለው መንገድ የእኔ ድርሻ ነው። መጥረጊያ ቅጠልና ወረቀት ይወስዳል፤ በንጣፉ ድንጋይ መካከል የተሰነቀረውን የሲጋራ ቁራጭ ግን አያወጣውም። ጎንበስ ብዬ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። በቀን አንድ ባልዲ ይሞላል። ዝናብ ከቀደመኝ ሁሉም ቦይ ይገባል፤ ከቦዩ ወንዝ። አንዲት የውሃ ወፍ ከድልድዩ ሥር ቁራጭ ለጫጩቷ ስታጎርስ በዓይኔ አይቻለሁ። ምግብ መስሏት ነው። ጮህኩባት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወገቤ የጎበጠው በእርስዎ ቢጤዎች ነው።

ከመርፌው ጋር በወረቀት የጠቀለልኩልዎት አንድ ቁራጭ አለ። አምና በዚህ ወር መስኮቴ ላይ ባለው የአበባ ሳጥን አፈር ውስጥ ቀበርኩት፤ ዘንድሮ አወጣሁት። ዳሰስ ያድርጉት። ጨርቅ አዋቂ አይደሉ? ጥጥ ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አፈር በልቶት ክሩ እንኳ አልላላም።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልግባ። እናቴ አንድም ቀን ሲጋራ ከንፈሯን አልነካም። ሐኪሙ ሳንባዋን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን «ስንት ዓመት አጨሰች?» ብሎ ነው። አላጨሰችም ብዬ ማልኩለት። «ቤት ውስጥስ ማን ያጨሳል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ያን ቀን ስለ እርስዎ ብዬ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ዝም ብያለሁ። እናቴ ከመኪናዎ ጎን ተቀምጣ አዝራር ስትተክልልዎት ሃያ ዓመት ኖራለች። አሁን እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ የሚተኛው ሻምበል ነው።

እሱም በጭስዎ ቢሄድ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም። ቤቱ የእናቴ መሆኑን አይርሱ።

መርፌው ስድስት ነው። ሲጋራ አልላኩም፤ ብልክ እጄን ይቁረጠው።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 11

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤናሽን እመኛለሁ። ብርዱ እንዴት ነው? ጓንት ይሰጧችኋል ወይ? መንገድ መጥረግ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ለደንበኞቼም እውነቱን ነግሬያለሁ፤ ማንም አልሳቀ።

መርፌው ደርሶኛል። ቁራጩንም አይቼዋለሁ። ልክ ብለሻል፤ ክሩ አልላላም።

ሰሞኑን ብዙ ስፌት አልያዝኩም። የእናትሽ ጽጌረዳ ደረቀች። ከሥሯ ነው የሄደችው፤ ውሃ ተጓድሎባት አይደለም።

እንዲያው ለወሬ ያህል፣ እዚያ የእንስሳት ሐኪም የምታውቂ ከሆነ ጠይቂልኝ። ውሻ የሚመርዝ ነገር ቢጠጣ በስንት ሰዓት ውስጥ ቢደርሱለት ይድናል ይላሉ? ጎረቤት ጠይቆኝ ነው።

ሲጋራውን እንኳንም አልላክሽ። የምፈልገው ነገር የለም።

አጎትሽ

የካቲት 1

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሁለት ወር አልፎት መልስ መጣ። እሱም ግማሽ ገጽ፣ አንድም ስድብ የሌለበት። እርስዎ ጨዋ የሚሆኑት አንድ ነገር ሲያጠፉ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ዩኒፎርሜን በካውያ ያቃጠሉት ዕለት ከረሜላ ገዝተው በሩ ላይ ጠበቁኝ። ከረሜላውን በልቼ እስክጨርስ ዩኒፎርሙን አላሳዩኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የጓንቱም ጥያቄ ከረሜላ መሆኑ አልጠፋኝም።

የቱ ጎረቤት ነው ውሻ ያለው? በግራ ባለ ጋራዡ ነው፤ ውሻ ሲያይ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው። በቀኝ በኩል ግንብ ነው። ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ የሻምበል ስም አንድም ቦታ የለም። ስለ ጽጌረዳ ጻፉልኝ፤ እኔ ስለ ጽጌረዳ መቼ ጠየቅኩ?

«ውሃ ውስጥ ይክተቱት» አልኩ። ይቺን ታህል ነገር ነው የለመንኩት። መቼም እንደ ልማድዎ ደጃፉ ላይ ወርውረውት አኝኮት ይሆናል። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ የተባሉትን ቢሰሙ ምን ነበረበት? ክንድዎን መዘርጋት ነው ያቃተዎት። ክፋት እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፋትም ጉልበት ይጠይቃል። እናቴንም የገደሏት መስኮት ለመክፈት ከወንበርዎ መነሣት አቅቶዎት ነው። ይኸው ተናገርኩት። ሁለት ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ።

ሻምበልን ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ። ተኝቶ አልፈልግም፤ ቆሞ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልመጣ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ። መኪናዎን ከነታፔላው መንገድ ዳር ያገኙታል።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታ አልጽፍም፤ ብጽፍልሽም ዘለሽው ነው የምታነቢው።

ፎቶ የለም። ሻምበል ሞቷል። ታኅሣሥ 14 ቀን ነው። ከእናትሽ ጽጌረዳ አጠገብ፣ ግንቡ ሥር ቀበርኩት። ባለ ጋራዡ አካፋ አበደረኝ፤ ቆሞም አገዘኝ። ያ «ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። እጄ ላይ ያለው አፈር ገና አልለቀቀም ነበር። ምን ብዬ እመልስልሽ ነበር?

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። አይሰማም የምትዪው ሰውዬ ሰምቶሽ ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ ወዲህ አንዲት ቁራጭ መሬት አልጣልኩም። ደጃፉን ራሴ ጠርጌ፣ ከድንጋዩ ሥር ሳይቀር ፈልፍዬ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቁራጭ አወጣሁ። ውሃ ውስጥ ክተት አልሽ፤ ለውሃው ዕቃ አስፈለገኝ። አዲስ ሳህን ስለላክሽ አሮጌው ሥራ ፈቷል። ይጣል ብለሻል፤ እኔ ጣት የምታህል ቅዳጅ የማልጥል ሰው ደህና ሳህን እንዴት እጥላለሁ? ውሃ ሞላሁበትና ከመኪናው ሥር፣ ከቀኝ እግሬ አጠገብ አኖርኩት። ሲጋራዬ ሲያልቅ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሣ እጄን ዝቅ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ እስስ ይልና ያበቃል። ቁራጩን አጥልዬ አወጣለሁ፤ ውሃውን ደግሞ በየሦስት ቀኑ ጽጌረዳዋ ሥር እደፋለሁ። ወደ ቦዩ አትጣል ብለሽ የለ? ጽጌረዳዋን ምን እንዳደረቃት ያወቅኩት በኋላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ግንቦት ስትመጪ ንጹሑን ደጃፍ ላሳይሽ ነበር።

ሻምበል ካንቺ ሳህን ጠጥቶ አያውቅም። የአንገቱ ቀለበት ብረቱን ሲነካው ይንጫጫል፤ እሱ ይደነግጥና ይሸሻል። ቧንቧው ሥር የሚንጠባጠበውን እየላሰ ነበር የሚኖረው። ታኅሣሥ ላይ ውሃ ለሁለት ቀን ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የአንዲት ደንበኛ ልክ ልወስድ እቤቷ ሄድኩ። ስመለስ የቆርቆሮው ሳህን ባዶውን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የበላበት፣ የጠጣበት ሳህን ነው፤ ዓይኑ ባያይ እግሩ ያውቀዋል። እኔ መተርኮሻ አደረግኩት እንጂ ለእሱ ማን ነገረው?

ምራቁ ይወርዳል፤ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሊነሣ ይልና ይወድቃል። ወተት ያበርድለታል ብዬ ወተት ሰጠሁት። ቆይቶ ይሻለዋል ብዬም አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ያቺን አንድ ሰዓት ነው በጎረቤት አሳብቤ የጠየቅኩሽ። ሐኪሙን ይዤ የመጣሁት እኩለ ቀን ላይ ነው። ሳህኑን አንሥቶ አሸተተና «የትንባሆ ውሃ መርዝ ነው፤ ረፍዷል» አለ። ቀጥሎ «ይህን ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለኝ። «እኔ» አልኩ። ያንቺን ስም አልጠራሁም። አንቺ በሐኪም ፊት ስለ እኔ ዝም ብለሽ የለ? እኔም ስላንቺ ዝም አልኩ። ተወራርደናል።

በይ እንግዲህ ስደቢኝ። እኔም የልቤን ልናገር። እንደ ልማዴ መሬት ላይ ብጥለው ኖሮ ውሻው ዛሬ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳንቺ ላለው ነው። ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው። ቤቱ ውስጥ የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ ግን ቤት ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አላወቅኩም። ይኸው አልኩልሽ፤ ሁለተኛ አልደግመውም።

ስለ እናትሽ ያልሽውን እግዜር ይፍረደው። መስኮቱን እከፍት ነበር። ተነሥታ የምትዘጋው እሷ ነበረች፤ «ብርድ ነው፣ ጭስህን ለምጄዋለሁ» እያለች። ለምጄዋለሁ ስትለኝ አመንኳት። ማመን ይቀል ነበር።

ሲጋራ አቆምኩ ብዬ አልዋሽሽም። ከግንቡ ማዶ ወጥቼ፣ ቆሜ አጨሳለሁ። ቁራጩን በክብሪት ቀፎ ይዤ እመለሳለሁ። ቤት ውስጥ የሚሸት ነገር የለም፤ የሚያስልም የለም። ቤቱን አከራዪው። መኪናዬን እኔው ተሸክሜ አወጣለሁ፤ ላንቺ ወገብ አይሆንም።

ሁለቱ ሳህኖች መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መንገደኛ አለ። የቱን ልላክልሽ?

አጎትሽ

መጋቢት 25

ይድረስ ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎን ድልድዩ ላይ ቆሜ፣ በሥራ ልብሴ አነበብኩት። ተቆጣጣሪው መጥቶ ባልዲዬን አየና «ዛሬ ምነው ባዶ ሆነ?» አለኝ። ውሻዬ ሞተ አልኩት። ለአንድ ውሻ ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው።

የቆርቆሮው ሳህን ጠርዙ አልተበላም ነበር። ደህና ሳህን ነበር። በፎቶው ላይም በማጉያ መነጽሩ አይቼዋለሁ። እኔ የላክሁት ነገር እቤቱ ውስጥ እንዲታይ ፈልጌ ነው ይጣል ያልኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎም ለማንም አይንገሩ።

ይቅር አላልኩዎትም። እርስዎም አይበሉኝ። ያቺን አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ሆኜ በየቀኑ እቆጥራታለሁ። የመስኮቱንም ነገር አላምንዎትም፤ እናቴ ብርድ አትፈራም ነበር። ወይም እንደምትፈራ አላውቅም ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ቤቱን አላከራየውም። መኪናዎን ካለበት አያንቀሳቅሱት። ግንቦት ስመጣ የምጣላው ሰው ያስፈልገኛል።

አሮጌውን ይላኩልኝ፤ ሳይታጠብ። አዲሱ እዚያው ይቅር። ለሲጋራ ቁራጭዎ ውሃ ይሙሉበትና ከመኪናው ሥር፣ ከቀኝ እግርዎ አጠገብ ያኑሩት። አሁን ተሳስቶ የሚጠጣው የለም።

የእህትዎ ልጅ